የትዳር ጓደኛን ወደ አሜሪካ ለማስመጣት የሚዘጋጁ ማስረጃዎች

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው አሜሪካ ሲሆን ዜግነት ካገኘሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 14 ወር ሆኖናል፤ እሷ ያለችው ውጭ አገር ነው። የጋራ የባንክ ሒሳብም ሆነ በሁለታችን ስም የተያዘ የቤት ኪራይ ውል የለንም፤ ያለን ወደ 300 የሚጠጋ የሠርግ ፎቶግራፍ ነው። የባለቤቴ ስም በልደት ምስክር ወረቀቷና በፓስፖርቷ ላይ በአንድ ፊደል ይለያያል። ከእኔ በፊት አግብታ ፈትታለች፤ አንድ ወዳጄ ግን «ልጅ ስላልወለደች ባትጠቅሰው ይሻላል» ብሎ መከረኝ። ገቢዬም ብዙ አይደለም። ምን ላዘጋጅ፣ ከምንስ ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ከወዳጅዎ ምክር ልጀምር፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ካነሷቸው ጉዳዮች ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። እባክዎ አይቀበሉት። ማመልከቻው የሚጀመርበት ቅጽ አይ-130 የሁለታችሁንም የቀድሞ ጋብቻዎች በግልጽ ይጠይቃል፤ ልጅ መወለድ አለመወለዱ ለዚህ ጥያቄ ለውጥ የለውም። የቀድሞው ጋብቻ በሕግ መፍረሱ ካልታወቀ የእናንተ ጋብቻ ሕጋዊነት ራሱ ጥያቄ ውስጥ ስለሚገባ፣ የፍቺውን ውሳኔ ቅጂ ከነትርጉሙ ማያያዝ ግዴታ ነው። የፍቺው ቀን ከሠርጋችሁ ቀን የሚቀድም መሆኑንም በዓይንዎ አይተው ያረጋግጡ። የተደበቀ ጋብቻ ባለቤትዎ ለቪዛ በምትቀርብበት ቃለ መጠይቅ ዕለት ቢገኝ፣ ጠያቂው የቪዛ መኮንን የሚጠራጠረው ያንን አንድ መልስ ብቻ ሳይሆን ፋይሉን በሙሉ ነው። ሕጉ በዚህ ነገር ጽኑ ነው፤ አንድ ሰው ለኢሚግሬሽን ጥቅም ሲል የይስሙላ ጋብቻ ፈጽሟል ተብሎ ከተወሰነ፣ በኢሚግሬሽንና ዜግነት ሕጉ አንቀጽ 204 መሠረት ከዚያ በኋላ በእውነተኛ ትዳር እንኳ የሚቀርብለት ማመልከቻ አይጸድቅም። እውነተኛ ትዳር ያላቸው ሰዎች አንድ የፍቺ ወረቀት በመሸሸግ ራሳቸውን ወደዚህ ጥርጣሬ ሲያስገቡ ማየት ያሳዝነኛል።

ወደ ፎቶግራፎቹ ልምጣ። የአንዲት ዘመዴን ፋይል በማዘጋጅበት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋችልኝ ሁሉ በአንድ ቀንና በአንድ ልብስ የተነሳቻቸው ፎቶዎች ነበሩ። ልትጥላቸው ከለየቻቸው ወረቀቶች መካከል ግን በላስቲክ የታሰሩ የአውሮፕላን መሳፈሪያ ካርዶች አገኘሁ፤ ባሏ በተለያየ ጊዜ ሊጠይቃት የመጣባቸው ነበሩ። ቀለማቸው ደብዝዞ ቀኑ የሚነበበው ወደ መስኮት ተጠግተው ሲያዩት ብቻ ነበር። ያን ዕለት ፎቶ ኮፒ ባይደረጉ ኖሮ ከጥቂት ወራት በኋላ ባዶ ወረቀት ይሆኑ ነበር። ስለዚህ ከ300ው ውስጥ አሥር ያህሉን ብቻ ይምረጡና፣ ከሠርጉ በፊትና በኋላ የተነሣችኋቸውን፣ በተለይም ቤተሰብ ያለባቸውን ይጨምሩባቸው፤ በእያንዳንዳቸው ሥር ቀኑን፣ ቦታውንና በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ይጻፉ።

የጋራ ሒሳብና የኪራይ ውል ጠንካራ ማስረጃዎች ቢሆኑም፣ ተለያይተው የሚኖሩ ባልና ሚስት ብዙውን ጊዜ የሏቸውም፤ መኮንኖቹም ይህን ያውቃሉ። በእናንተ ሁኔታ የበለጠ የሚናገረው በየወሩ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ፣ በፓስፖርትዎ ላይ ያለ የመግቢያና የመውጫ ማኅተም፣ ባለቤትዎን ወራሽ አድርገው ያስመዘገቡበት የሕይወት ኢንሹራንስ ወይም የጡረታ ሒሳብ፣ በመሥሪያ ቤትዎ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ አድርገው የሞሉት ቅጽ ነው። የስልክና የመልእክት ልውውጣችሁን ግን በሙሉ አያትሙት፤ ከየወሩ አንድ ሁለት ገጽ ቀኑ በሚታይበት መልኩ መምረጥ ይበቃል። ትዳራችሁን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎች ቃለ መሐላ ቢጽፉላችሁም ይጠቅማል። ጸሐፊው ሙሉ ስሙንና አድራሻውን፣ የትውልድ ቀኑንና ቦታውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ትዳራችሁ እንዴት ሊያውቅ እንደቻለ በዝርዝር መግለጽ አለበት። «ጥሩ ባልና ሚስት ናቸው» ከሚል ምስክርነት ይልቅ፣ መቼ የት አብሯችሁ እንደነበረና ምን እንዳየ የሚተርክ አንድ አንቀጽ ብዙ ይረዳል።

የአንድ ፊደል ልዩነት የሚታረም ከሆነ ሰነዱን በሰጠው መሥሪያ ቤት ማሳረም የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ካልተቻለ ሌላውን አጻጻፍ በቅጹ ላይ «የተጠቀሙባቸው ሌሎች ስሞች» በሚለው ቦታ ይመዝግቡት፤ ሁለቱ አጻጻፎች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ሌላ ሰነድና አጭር ማብራሪያም ያያይዙ። ማብራሪያው ሳይጠየቁ ሲቀርብ ተራ የፊደል ስሕተት ሆኖ ያልፋል፤ ከተጠየቁ በኋላ ሲቀርብ ግን ሰበብ ይመስላል።

በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ ሰነድ ሁሉ ሙሉ ትርጉም ያስፈልገዋል፤ ማኅተሙና በጠርዙ ላይ የተጻፈው ጭምር መተርጎም አለበት። ተርጓሚው ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ እሱም ከዚያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቁ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጦ መፈረም አለበት። እርስዎ ቋንቋውን ቢችሉም ከጉዳዩ ውጭ የሆነ ሰው ቢተረጉመው ይመረጣል። በመጀመሪያ የሚላከው ቅጂ ስለሆነ ዋናዎቹን ሰነዶች ለቃለ መጠይቁ ያስቀምጡ።

ስለ ገቢዎ የጻፉት ብዙዎችን የሚያስጨንቅ ጉዳይ ነው። ቅጽ አይ-864 የሚባለው የስፖንሰርነት ቃለ መሐላ ገቢዎ፣ ባለቤትዎን ጨምሮ ለቤተሰብዎ ቁጥር ከተቀመጠው የፌዴራል የድህነት መለኪያ ቢያንስ 125 በመቶ እንዲሆን ይጠይቃል። መለኪያው በየዓመቱ ስለሚታደስ ቅጹን በሚሞሉበት ጊዜ የሚሠራበትን ይመልከቱ። የመጨረሻውን ዓመት የፌዴራል የግብር ሰነድ ማያያዝ ግዴታ ሲሆን፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ደረሰኝና የአሠሪ ደብዳቤ ያጠናክሩታል። ገቢው ከጎደለ ቁጠባና ንብረት ሊታሰብ ይችላል፤ ነገር ግን እርስዎ ዜጋ ሆነው ለሚስትዎ ሲያመለክቱ የንብረቱ ዋጋ የጎደለውን ገንዘብ ሦስት እጥፍ መሙላት አለበት። ሌላው መንገድ ተባባሪ ስፖንሰር፣ ማለትም ከእርስዎ ጋር ኃላፊነቱን የሚወስድ ሌላ ሰው ነው። እሱም ዕድሜው 18 የሞላው፣ አሜሪካ የሚኖር ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን ሲገባው፣ ዘመድ መሆን ግን አይጠበቅበትም። ሰውየውን ሲለምኑት የሚፈርመው ነገር ምን እንደሆነ በግልጽ ይንገሩት፤ ባለቤትዎን በገንዘብ የመደገፍ ግዴታው በፍቺ አይቋረጥም። ባለቤትዎ ዜግነት እስክታገኝ ወይም 40 ሩብ ዓመት የሥራ ጊዜ እስኪቆጠርላት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ይህን ሳይነግሩ ማስፈረም ወዳጅን መበደል ነው።

የፖሊስ ማስረጃና የጤና ምርመራ የሚፈለጉት ማመልከቻው ጸድቆ ፋይሉ ከቃለ መጠይቁ በፊት የቪዛ ሰነዶችን ወደሚሰበስበው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ከተላለፈ በኋላ ስለሆነ አሁን አይቸኩሉባቸው። ባለቤትዎ ግን ዕድሜዋ 16 ከሞላ በኋላ በሌላ አገር አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ኖራ እንደሆነ ከወዲሁ ይጠይቋት፤ የዚያን አገር የፖሊስ ማስረጃ ማስመጣት ጊዜ ይወስዳል።

ባለቤትዎ አሜሪካ በምትገባበት ዕለት ከተጋባችሁ ሁለት ዓመት ካልሞላ የሚሰጣት ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ቅድመ ሁኔታ ያለበት የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ቅድመ ሁኔታውን ለማስነሣት ፈቃዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ በቅጽ አይ-751 አብራችሁ ታመለክታላችሁ፤ የጋራ የኪራይ ውሉንና የጋራ የባንክ ሒሳቡን የሚጠየቁት ያን ጊዜ ስለሆነ፣ ከመጣችበት ወር ጀምሮ ስሟን ያስገቡ።