«አንድ ቴብል ይበቃል» ለተባልከው ወንድሜ፣ አዳማ ላይ ከደረሰብኝ

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የስቶክና የሽያጭ ሲስተም እየሠራህ ነው። አለቃህ «ዕቃ፣ ብዛት፣ ዋጋ። አንድ ቴብል ይበቃል፣ አታወሳስበው» ብሎሃል፤ መረጃው ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ይያዝ ማለቱ ነው። አንተ ደግሞ ልብህ አልተቀበለውም። ዲዛይኑን ከልክ በላይ ማቅለል ጉዳት ይኖረው ይሆን ብለህ ጠየቅህ።

አለው። እኔ በ2014 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ ልክ እንዳንተው ዓይነት ሲስተም ሠርቻለሁ። ያቺን አንድ ቴብል የመረጥኩትም ራሴ ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

መደብሩ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጣል። ፌሮው ከአከፋፋይ የሚገባው በኩንታል ነው። ደንበኛው ግን የሚገዛው በቤርጋ ነው። አንድ ቤርጋ ማለት 12 ሜትር የሚረዝም አንድ ዘንግ ነው። ባለ 12 ሚሊ ከሆነ በስሌት 10.66 ኪሎ ይመዝናል፣ ባለ 8 ከሆነ 4.74 ኪሎ። ስለዚህ ከአንድ ኩንታል ባለ 12 ዘጠኝ ቤርጋ ይወጣና ትንሽ ይተርፋል። ከባለ 8 ደግሞ ሃያ አንድ ይወጣል። እኔ «ብዛት» የምትል አንዲት ሙሉ ቁጥር ነበር ያስቀመጥኩት፣ እሷም በኩንታል።

ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ ከሦስት ሳምንት በኋላ ላያቸው ሄድኩ። ከኪቦርዱ አጠገብ አንድ ደብተር ተቀምጧል። ካሸሯ በእስክሪብቶ መስመር አስምራለች። «ባለ 12፦ 3 ቤርጋ፣ 2 ቤርጋ፣ 4 ቤርጋ» ይላል። ዘጠኝ ሲሞላ ትሰርዘውና ኮምፒውተሩ ላይ «1 ኩንታል» ብላ ትመዘግባለች። ማታ ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እሷ ትቀርና ደብተሩን ከስክሪኑ ጋር ታስታርቃለች። የተረፈችው ቁራጭ ደግሞ የትም አልተጻፈችም። ከወር በኋላ ቆጠራ ሲደረግ ሲስተሙ ሌላ፣ መጋዘኑ ሌላ ሆነ። የተጠየቀችውም እሷ ናት።

ይሄ እስካሁን ያሳዝነኛል። ብረቱ በሁለት መለኪያ መኖሩ የንግዱ ጠባይ ነው፣ እኔ ስለተውኩት አይቀርም። ከእኔ ኮድ ወጥቶ እሷ ጫንቃ ላይ ነው ያረፈው። ልጅቷ አንድም ቀን አላማረረችም፣ ሥራው እንዲህ ነው ብላ ተቀብላዋለች። ስለዚህ «ተጠቃሚው ቅሬታ የለውም» ሲሉህ እሺ ብለህ አትለፍ። ሄደህ ጠረጴዛውን እይ።

ከዚህ የባሰው ግን የዋጋው ነው። ዋጋውን ያስቀመጥኩት ዕቃው ላይ ብቻ ነበር። ሽያጭ ሲመዘገብ የትኛው ዕቃና ስንት እንደሆነ ይጻፋል፣ ብሩን ሲስተሙ ራሱ ያባዛል። አንድ ቁጥርን ሁለት ቦታ አለመጻፍ ጥሩ ልማድ ነው ብዬ ነበር። የሲሚንቶ ዋጋ ወጣ። ባለቤቱ አዲሱን ዋጋ አስገቡ። በዚያች ቅጽበት የድሮው ሽያጭ በሙሉ፣ የዱቤውም ጭምር፣ በአዲሱ ዋጋ ተሰላ። ማንም አላየውም።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ኮንትራክተር ከወንጂ ዕዳውን ሊከፍል መጣ። ደረሰኙን ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። ወረቀቱ አንድ ይላል፣ ስክሪኑ ሌላ። ሰውዬው ሊያታልሉት የሞከሩ መሰለው። ባለቤቱ ደወሉልኝና «ልጄ፣ እኔ የነካሁት ነገር የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በወረቀቱ ተስማሙ። ደረሰኛቸውን የጣሉት ሌሎች ባለ ዱቤዎች ግን ነበሩ። የእነሱን ትክክለኛ ዕዳ ማወቅ አልተቻለም፣ ምክንያቱም የድሮው ዋጋ ዳታቤዙ ውስጥ የለም። ቁጭ ብዬ ኮዱን በሁለት ቀን አስተካከልኩት። ያልተመዘገበውን ዋጋ ግን ከየት አመጣለሁ?

ስልክ ቁጥርም ላይ እንዲሁ አድርጌ ነበር። «በ09 የሚጀምር፣ አሥር አሃዝ» ብዬ ዘጋሁት። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም በ07 የሚጀምር ቁጥር ይዞ ገባ። ሲስተሙ እምቢ ሲላት ካሸሯ 07ን 09 እያደረገች መዘገበች። የዱቤ ማስታወሻው ለማይመለከተው ሰው ደረሰ። የትኞቹ ቁጥሮች እንደተቀየሩ ዛሬም መለየት አይቻልም።

እኔ አሁን የምለይበት መንገድ ይኼ ነው። አንዳንድ ማቅለል በኋላ ይሞላል። ሪፖርቱ አያምርም? ታሳምረዋለህ። ቅርንጫፍ የለውም? ሲከፍቱ ትጨምራለህ። ሌላው ማቅለል ግን የሆነውን ነገር ራሱን ይጥለዋል። ፈረንጆቹ ያኔ ሜሞሪ ውድ ስለነበር ዓመተ ምህረትን በሁለት አሃዝ ይጽፉ ነበር፣ 1965ን 65 እያሉ። 2000 ሲቃረብ ስንት አገር ኮድ ሲፈትሽ እንደከረመ ታውቃለህ። እነሱ ቢያንስ ምክንያት ነበራቸው። አንተ የምትቆጥባት አንዲት ኮለም፣ የቴብሉ አንድ ዓምድ ናት።

አለቃህንም ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። ለአንድ መደብር ማይክሮሰርቪስ (ሲስተሙን ወደ ብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች መከፋፈል)፣ ሦስት ሰርቨር ምናምን ማለት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ዳታቤዝ ይበቃሃል። እዚያ ላይ የፈለገውን ያህል አቅልል።

ቴብሉን ግን ለይልኝ። ዕቃው ለብቻው ይሁን። የሽያጩ መስመር ለብቻው ሆኖ የተሸጠበትን ዋጋ፣ መለኪያውንና ቀኑን ይያዝ። ስቶኩን በአንዲት ቁጥር አታስቀምጥ፤ እያንዳንዱን ገቢና ወጪ መዝግብ፣ ቀሪው ከዚያ ይደመር። ተመላሽ ሲመጣ የድሮውን መስመር አትሰርዝ፣ አዲስ መስመር ጻፍበት። ለፌሮው ኩንታልን ወደ ቤርጋ የሚቀይር ቁጥር በየውፍረቱ ይኑር፤ ብረቱ ሲመዘን ከስሌቱ ስለሚለይ ባለቤቱ ራሱ የሚቀይረው ይሁን። ይህ ሁሉ አራት ወይም አምስት ቴብል ነው፣ ከአንድ ሳምንት በላይ አይፈጅብህም።

አለቃህ ካላመነህ አትከራከረው። አንድ ቅዳሜ ገበያ ሲደራ ይዘኸው ሂድና ካሸሩ አጠገብ አብራችሁ ተቀመጡ። በእጅ የሚጻፍ ነገር ካለ ፎቶ አንሳው። ከቴብሎችህ ንድፍ ጋር እዚሁ ለጥፍልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።