የባሕር አከርካሪ አልባ እንስሳትን መለየት፦ ከጎንደር ተማሪዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኛ ጎንደር ሆነን የምናየው በጠርሙስ ያለ ናሙና ብቻ ነው፤ ቀለሙም ለቋል። በምን እንጀምር?

መልስ፦ ቀለሙን ተዉት፣ በሕይወት ላለውም አያስተማምንም። መጀመሪያ አፉን ፈልጉ። አፍም አንጀትም ከሌለው፣ አካሉም በጥቃቅን ቀዳዳ ከተሞላ ስፖንጅ ነው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ኖሮት ዙሪያውን ተናዳፊ ክሮች ከከበቡት ናይዳሪያ ነው፤ ጄሊፊሽና ኮራል እዚህ ይገባሉ።

ጥያቄ፦ አንዱ ጠርሙስ «የባሕር ኪያር» ይላል። ትል አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም፤ የኮከብ ዓሣ ዘመድ ነው፣ ኤካይኖደርም። የዚህ ወገን አካል እንደ ኮከብ ዓሣ አምስት ቦታ የተከፈለ ነው፤ የባሕር ኪያር ግን በጎኑ ስለሚተኛ ይህ ቶሎ አይታይም። ማረጋገጫው ቆዳው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት አጥንቶች ናቸው። ናሙናውን በውኃ እጠቡና ከጀርባው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቆዳ ቁረጡ። ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) ላይ አድርጋችሁ 2 ወይም 3 ጠብታ በረኪና ጨምሩበት፤ ሥጋው ሟሙቶ እስኪያልቅ 10 ደቂቃ ገደማ ጠብቁ። ከዚያ በውኃ ደጋግማችሁ አጥሩት። በደንብ ካልጠራ በረኪናው ሲደርቅ የጨው ቅንጣት ይተውና አጥንት ይመስላችኋል። በማይክሮስኮፕ በ100 እጥፍ ሲጎላ ብዙዎቹ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ቀዳዳ አላቸው። ምንም ካልታየ ናሙናው እንዳይበሰብስ የተነከረበትን ፎርማሊን ጠርጥሩ፤ ሲቆይ አሲዳማ ሆኖ አጥንቶቹን ያሟሟል። ለዚህ ነው የባሕር ኪያር በ70 በመቶ አልኮል መቀመጥ ያለበት። በረኪናን ከአሲድ ጋር ግን በፍጹም አታገናኙ፣ መርዛማ ክሎሪን ይወጣል።

ጥያቄ፦ ከዓባይ ሸለቆ የመጣ፣ ሁለት ክዳን ያለው ቅሪተ አካል አለኝ። ሞለስክ (የቀንድ አውጣ ወገን) ልበለው?

መልስ፦ አትቸኩይ። እዚያ ባለው የጁራሲክ ዘመን የኖራ ድንጋይ ውስጥ ብራኪዮፖድም አለ፤ እሱም ሁለት ክዳን ያለው፣ ግን ሞለስክ ያልሆነ የባሕር እንስሳ ነው። አንዱን ክዳን ከመንቆሩ (ክዳኖቹ በሚጋጠሙበት በኩል ካለው ሹል ጫፍ) ጀምረሽ በሐሳብ መሐል ለመሐል ክፈይው። ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ ሁለቱ ክዳኖች እርስ በርስ ከተበላለጡ ብራኪዮፖድ ነው፤ ብዙ ጊዜ በትልቁ ክዳን ጫፍ ላይ እንስሳው ከድንጋይ የሚጣበቅበት ግንድ መውጫ ቀዳዳ ይኖራል። ሁለቱ ክዳኖች ተመሳስለው እያንዳንዱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ሞለስክ ነው። ኦይስተር የሚባለው ባለ ሁለት ክዳን ሞለስክ ይህን ሕግ ስለሚያፈርስ ውስጡን እዪ፤ አንድ ትልቅ የጡንቻ ጠባሳ አለው።

ጥያቄ፦ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ባርናክልስ? ዛጎል አለው።

መልስ፦ ዛጎሉን ከፍታችሁ እግሩን እዩ፤ ጠጉራምና ባለ መገጣጠሚያ ነው። የሸርጣን ወገን ነው፣ ክረስታሺያን።

ጥያቄ፦ ጣና ላይ ኮከብ ዓሣ ይገኛል?

መልስ፦ አይገኝም። ኤካይኖደርሞች የሰውነታቸውን ጨው የሚያስተካክል አካል ስለሌላቸው ጨው አልባ ውኃ ውስጥ አይኖሩም። ስፖንጅና ቀንድ አውጣ ግን በሐይቅም በወንዝም የሚኖሩ ዝርያዎች አሏቸው።