ፓላዲየሙን ተወውና መጀመሪያ ውሃውን ለካ

ወንድሜ፣ የኮልድ ፊውዥን (የአቶም እምብርቶችን በተራ ሙቀት አዋህዶ ኃይል ማግኘት የሚባለው) ሪአክተር ልሠራ ነው፣ ፓላዲየሙ ሽቦ ይሁን ወይስ ዘንግ፣ ዕቃውስ ከምን ይሠራ ብለሃል። እኔ ጀርመን ተማሪ እያለሁ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ሠርተን ነበር። ሪአክተር ሲባል ያስፈራል እንጂ ነገሩ የኤሌክትሮሊሲስ ብልቃጥ ነው፣ ውሃን በኤሌክትሪክ ወደ ጋዝ የሚከፋፍል። ፍላይሽማንና ፖንስ የሚባሉ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ዩታ ላይ ያሳወቁትም ይኸው ነው፤ ካቶዱ (ኔጌቲቩ ጫፍ) ፓላዲየም የሚባል ብረት፣ አኖዱ (ፖዘቲቩ) ዙሪያውን የተጠመጠመ የፕላቲነም ሽቦ፣ ፈሳሹ ደግሞ ትንሽ ሊቲየም የገባበት ከባድ ውሃ፣ ማለትም በተራው ሃይድሮጅን ፈንታ ዲዩተሪየም የሚባለው ከባዱ ሃይድሮጅን ያለበት ውሃ።

ሽቦ ግዛ። ዋጋው ይቀንሳል፣ ዲዩተሪየሙንም መጥጦ ቶሎ ይጠግባል። ለአንድ የፓላዲየም አቶም 0.9 ያህል ዲዩተሪየም ካልገባ ነገሩ አይሠራም ይላሉ የሚያምኑበት ሰዎች። መጥገቡን የምታውቀው በሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን በሚቋቋምበት መጠን) ነው። መጀመሪያ ወደ እጥፍ እስኪጠጋ ይወጣል፣ ከዚያ መልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ለመለኪያ የሚሆኑ ገመዶችን ከመጀመሪያው አያይዝበት። ዕቃው ቴፍሎን ቢሆን ይሻላል፣ ፈሳሹ ብርጭቆን ቀስ እያለ ይበላና ሲሊካው ካቶዱ ላይ ይለጠፋል። ከባድ ውሃውን ክፍት አትተወው፣ ከአየር እርጥበት እየሳበ ተራ ውሃ ይቀላቀልበታል።

አሁን የኛን ጉድ ልንገርህ። በሦስተኛው ሳምንት 0.1 ዋት ትርፍ ሙቀት፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ካስገባነው በላይ የሆነ፣ አየንና ሌሊቱን ሳንተኛ አደርን፣ አንዱ ጓደኛዬ እንዲያውም እናቱ ጋ ደውሏል። ስሌታችን ጋዙ ሁሉ በቱቦው ይወጣል ብሎ ስለሚያስብ ውሃውን ለመከፋፈል የሚሄደውን ኃይል፣ 1.54 ቮልት በአምፔሩ እያባዛን፣ ካስገባነው እንቀንስ ነበር። በ0.5 አምፔር በቀን 4 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ መጉደል አለበት። እኛ ግን የምንጨምረው 3.5 ብቻ ነበር! ለካ የፕላቲነሙ ሽቦ ጣት የምታህል ከፈሳሹ በላይ ራቁቷን ወጥታ ቀርታ፣ ጋዞቹን መልሳ ውሃ እያደረገቻቸው ኖሯል። ትርፍ ያልነው ሙቀት በሙሉ ከዚያ ነው የመጣው።

ያቺ ሽቦ ልታቃጥለንም ትችል ነበር። ዲዩተሪየምና ኦክስጅን አንድ ላይ ታጉረው ራቁት ፕላቲነም ሲያገኙ ቀልድ የለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1992 ካሊፎርኒያ ኤስአርአይ የሚባል የምርምር ተቋም ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ብልቃጥ ፈንድቶ አንድሩ ራይሊ የሚባል ተመራማሪ ሞቷል፣ ያውም በባለሙያዎች ላብራቶሪ። የጋዝ መውጫህን ሰፊ አድርግ፣ ከፊቱ ወፍራም ፕላስቲክ አቁም፣ ከፈሳሹ በላይ ያለውን ሽቦ በቴፍሎን ሸፍን።

ፊውዥን ነው ብዬ አላምንም፣ እውነቱን ልንገርህ። 1 ዋት ከተለመደው የዲዩተሪየም ፊውዥን ቢመጣ በሰከንድ ወደ ትሪሊዮን የሚጠጋ ኒውትሮን፣ ማለትም ገዳይ ጨረር፣ ይወጣና አጠገቡ ቆመህ አታወራም ነበር። ጉግል ገንዘብ የሰጣቸው ቡድኖችም እ.ኤ.አ. በ2019 ማስረጃ አላገኘንም ብለው ጽፈዋል። መሞከሩን ግን አልከለክልህም፣ እኔ ሙቀት መለካት የተማርኩት በዚህ ነው።

ከባድ ውሃውን ሳትገዛ በተራ ውሃ ሁለት ሳምንት አስኪደው። ስንት አምፔር እንደምትሰጠውና በቀን ስንት ሚሊ ሊትር እንደጨመርክ እዚህ ጻፍ፣ አብረን እናሰላዋለን።