የክላውንፊሽ ጫጩት በደሴ ብርድ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ደሴ ቤቴ ውስጥ ክላውንፊሽ (ነጭ መቀነት ያለው ትንሽ የባሕር ዓሣ) ማራባት ከጀመርኩ ወዲህ ጠያቂ በዝቷል። ዛሬ ጊዜ አለኝ፣ ጠይቁኝ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ ሁለቴ ተፈለፈለልኝ፤ ሁለቴም በሦስተኛው ቀን አለቀ። ምን በሽታ ነው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ እኔንም የመጀመሪያዎቹ እንዲሁ አልቀውብኛል። በሽታ ሳይሆን ረሃብ ነው። ሲፈለፈል 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይዞት የሚወጣው አስኳል ብዙ አያቆየውም። የተፈጨ ደረቅ ምግብ ብትበትንለት ዞር ብሎ አያየውም፤ የሚነክሰው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ሮቲፈር ያስፈልግሃል፦ ብርሃን ላይ ስታያት እንደ ብናኝ የምትዋኝ ደቃቅ እንስሳ ናት። በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ወደ 10 ትድረስ። ለእሷም ምግብ አረንጓዴ የባሕር አልጌ ጨምርበት። ይህን ሁሉ ዓሣው እንቁላል ሳይጥል፣ ሳምንታት ቀድመህ ጀምር።

ደግሞ በእጅ ባትሪ ከጎን አብራና ሆዳቸውን እይ። የጠገበው ድብልብል ብሎ ነጣ ይላል፤ የተራበው ወዲያ ማዶውን ያሳያል። እኔ ሞት የቀነሰልኝ ሆዳቸውን ማየት ከለመድኩ በኋላ ነው።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ እንቁላሉን መቼ ላንሳው?

መልስ፦ እታለም፣ ዓይናቸው ብር የመሰለ ዕለት። በ27 ዲግሪ 7 ወይም 8 ቀን ይፈጃል፣ ውሃው ከቀዘቀዘ ይዘገያል። የሚፈለፈሉት መብራት ጠፍቶ ጨለማ ሲሆን ነው። ቀድመሽ ንጹሕ የሸክላ ገል ብታስቀምጪላቸው እሱ ላይ ይጥላሉ፤ ማታ ገሉን ከነውሃው በሳህን ይዘሽ፣ የዚያኑ ገንዳ ውሃ ወደሞላሽበት ትንሽ ገንዳ ውሰጂው። አባትየው ቀኑን ሙሉ በክንፉ ሲያራግብላቸው ነበርና ቦታውን አንቺ ትተኪያለሽ፦ የአየር ቱቦውን ከገሉ ሥር አድርጊ፣ እንቁላሎቹ ይወዛወዙ። ሲፈለፈሉ ግን አረፋው በጣም ቀስ ይበል፣ ያላትማቸዋል። የመስታወቱን ጎንም በጥቁር ፌስታል ሸፍኚ።

ጥያቄ (ከሐይቅ ከተማ)፦ የሐይቃችን ውሃና ጥቃቅን ነፍሳት፣ ከአፍዴራ ጨው ጋር አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። የሐይቁ ነፍሳት የጨው አልባ ውሃ ናቸው፣ ባሕር ውሃ ውስጥ ይሞታሉ። የወጥ ጨውም ማግኒዚየሙንና ካልሲየሙን በባሕር ልክ የያዘ አይደለም። ለባሕር ዓሣ ገንዳ (አኳሪየም) የተዘጋጀውን ጨው ግዛ፤ በሊትር 35 ግራም ገደማ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ የእኛ ትልቁ ፈተና! ከተማችን 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን በእኩል ሙቀት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በድንጋይ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከአጠገብህ አይጥፋ። ለብርዱ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልል፣ ሙቅ ውሃ የሞላህበትን ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቀህ አንሳፍበት። አንድ ትልቅ ከምትጨምር ትንንሹን እየቀያየርክ ብታደርግ ሙቀቱ በአንዴ አይዘልም።

ጥያቄ፦ ሴቷን በምን ልለይ?

መልስ፦ ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚያድጉት። ከጥንዶቹ ትልቁ ሴት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ተርፈዋል የምንለው መቼ ነው?

መልስ፦ ከ8ኛው እስከ 15ኛው ቀን ባለው ጊዜ ራሳቸው አጠገብ ነጭ መቀነት ብቅ ይላል፣ ከመሃል ውሃ ወርደውም ወለሉን ይይዛሉ። ያኔ ገና የተፈለፈለ አርቴሚያ (የጨው ውሃ ደቃቅ ሽሪምፕ) መብላት ይችላሉ። እስከዚያው አሞኒያውን (ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ) በየቀኑ ለካ፣ ቆሻሻውን በቀጭን ቱቦ ሳብ። እኔ የመጀመሪያውን መቀነት ያየሁት በ11ኛው ቀን ማለዳ ነው፤ አንዷ ብቻ ነበረች፣ ከማሞቂያው ሥር። በማግስቱ ቆጠርኳቸው፤ 14 ሆነው ነበር።