መልስ፦ ለክፍል ጋዜጣ ወርድ ወይስ ፐብሊሸር?
ወንድሜ፣ ተማሪዎቼ የክፍል ጋዜጣውን በወርድ ይሥሩት ወይስ በፐብሊሸር (በማይክሮሶፍት የሕትመት ገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም) ላልከው እኔ በወርድ ነው የምልህ። ፐብሊሸርን ማይክሮሶፍት ራሱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2026 ድጋፉን ሊያቆም ነው፣ አሁን ልጆቹን እሱ ላይ ማልመድ ምን ያደርጋል። ወርድ ላይ ሌይአውት ገብተው ኮለምንስ ሁለት ካሉት ጋዜጣ መሰለ በቃ፣ ፎቶው ወደፈለጉት ቦታ አልሄድ ካላቸው ራፕ ቴክስት ላይ ስኩዌር ይበሉት፣ ግማሹ ለቅሶ እዚያ ጋ ነው። ርዕስ መሃል ለማምጣት ስፔስ መደብደቡን ደግሞ ከጅምሩ አስጥላቸው፣ ኮንትሮል ኢ አለላቸው አይደል እንዴ።

የፎንቱን ነገር አደራ! በድሮዎቹ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቁ ነው የሚወጣው፣ ዩኒኮድ የሆኑትን ኒያላ ወይ አቢሲኒካ ይጠቀሙ። ማተሚያ ቤት ስትልከው ፒዲኤፍ አድርገው። ኮምፒውተር ካነሰህ ሁለት ሁለት አስቀምጣቸው፣ አንዱ ሲጽፍ አንዱ ስህተት ይልቀም። ኦፊስ የሌለው ማሽን ካለ በኦፊስ ፋንታ የሚሠራውን ሊብሬኦፊስ ጫንበት፣ ነፃ ነው።