የማንን ዜማ ሰምተው አደጉ? ጥያቄና መልስ ከጡረተኛ ማሲንቆ መቺ ጋር

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ። ከ30 ዓመት በላይ ማሲንቆ መትቻለሁ። በሠርግም፣ በጠጅ ቤትም፣ በኪነት ቡድንም። አሁን አቁሜአለሁ። ስለምወዳቸው ሙዚቀኞች ጠይቁኝ ብያለሁ፤ ለይታችሁ ጠይቁ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ ከሁሉ በፊት ማንን ሰምተው ነው ማሲንቆ የያዙት?

መልስ፦ ስማቸው በሸክላም በካሴትም የሌለ ባልና ሚስት አዝማሪዎችን። እሱ ማሲንቆ ይመታል፣ እሷ ከበሮ ይዛ ትቀበላለች። ለአጎቴ ሠርግ መጡ። እኔ ገና የከብት እረኛ ነበርሁ። ሠርጉ ሲያልቅ ተከትያቸው እስከ ሌላ ቀበሌ ሄድሁ፤ አባቴ ነው ፈልጎ የመለሰኝ። ምን ገረመህ ብትሉኝ፣ የሰውየው ዝምታ ነው። ድርብ ትርጉም ያለው ቃል ላይ ሲደርስ ደጋኑን ያነሳል። ክሩ ዝም ይላል፣ ቃሉ ብቻውን ይወጣል። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። በኋላ በወጣትነቴ እኔም አንድ ገጠምሁ፦

ቆላ ወርጄ ሳለሁ ሙቀቱ በርትቶ፣
ደጋን ናፈቅሁ እኔ እጄ ባዶ ቀርቶ።

ሰሙ የደጋው አገር ናፍቆት ነው። ወርቁ የማሲንቆው ደጋን ነው። «ደጋን» ላይ ክሩን እየገዘገዛችሁ ካለፋችሁ ግን ወርቁ ተቀበረ። ጆሮ እንጂ ጣት አይቅደም።

ከአዲስ አበባ፦ ምርጥ 5 ዘፋኞችዎን በደረጃ ቢነግሩን?

መልስ፦ ደረጃ አላወጣም።

ከሞጣ፦ ከራዲዮና ከሸክላስ?

መልስ፦ ካሳ ተሰማ። ክራርና ድምፅ ብቻ፣ ሌላ ምንም የለም። ክራሩ አይጮህም፤ ከድምፁ በታች ሆኖ ይጠብቀዋል። ማሲንቆ ስመታ ክራር ከሚመታ ሰው የተማርሁት ይህንን ነው። አስናቀች ወርቁም እንዲሁ፤ በትያትርም ስለሠራች ይመስለኛል፣ ቃል አትጥልም። ሜሪ አርምዴንም አትርሱ። ማሲንቆ ካላችሁ ደግሞ ጌታመሳይ አበበ። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። ያ ቡድን በ1963 እ.ኤ.አ. በግብጻዊው ሃሊም ኤል ዳብ አነሳሽነት ሲቋቋም ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገናና ከበሮን በአንድ መድረክ አስቀመጠ። ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር። ብቻውን ይዞር የነበረ ማሲንቆ ከሌሎች ጋር ተቀመጠ፣ ተራውን መጠበቅ ተማረ።

ከደሴ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ግን ቅኝቱ ሁሉ የወሎ ነው። አምባሰል የወሎ፣ ባቲ የወሎ። ጎጃም ምን አለው?

ከቢቸና፦ ጎጃም ቅኔ አለው! የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዋሸራ፣ ዲማ፣ ጎንጅ የት ናቸው? የአዝማሪው ሰምና ወርቅ ከዚያ ባይመጣ ከየት ይመጣ ነበር?

ከደሴ፦ ቅኔ ሌላ፣ ቅኝት ሌላ።

ከቢቸና፦ ዜማም የቤተ ክርስቲያን ነው። የያሬድ ዜማ ስልቶቹ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ።

መልስ፦ ተዉ ልጆች። የደሴው ልጅ ልክ ነው፣ አምባሰልም ባቲም የወሎ ቦታዎች ናቸው። የቢቸናውም ስለ ቅኔው ልክ ነው። የያሬድን ዜማና የአዝማሪን ቅኝት ግን አታምታቱ። እኔ ወሎዬ አዝማሪ አጠገብ ተቀምጬ ነው አምባሰልን የተማርሁት፤ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ ሁላችንም እንጫወታቸዋለን። ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ማሲንቆን በኪቦርድ ትቃኛላችሁ። አታድርጉት። አምባሰልና አንቺሆዬ ውስጥ ያሉት ጠባብ እርምጃዎች ኪቦርዱ ላይ ልካቸው አይገኝም። በጆሮ ቃኙ።

ከእንጅባራ፦ ጋሼ፣ ማሲንቆ ለመቃኘት የትኛው የስልክ አፕ ይሻላል?

መልስ፦ አሁን ምን አልሁ? በጆሮ።

ከባሕር ዳር፦ ጂጂን ይሰማሉ?

መልስ፦ እንዴታ! እጅጋየሁ ሽባባው የቻግኒ ልጅ ናት፣ የእኛው። በ2001 እ.ኤ.አ. በስሟ የወጣውን አልበም ልጄ አምጥቶ አሰማኝ። ቢል ላስዌል ነው ያዘጋጀው፤ የጃዝ ሰዎቹ እነ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ተጫውተውበታል። መጀመሪያ ፈራሁ። ይህ ሁሉ መሣሪያ ያሰጥማታል ብዬ። አላሰጠማትም። ድምፅዋን ስትጎትት የአገሬን ሰው እሰማለሁ፤ ሜዳ ለሜዳ የሚጣራውን። ዓለም ሁሉ ቢያጅባት ከቅኝቷ አልወጣችም። እየደጋገማችሁ ስሙት፣ ግን በስልክ ስፒከር አይሁን። ከበሮውን ይበላዋል።

ከጎንደር፦ መጀመሪያ በሸክላ የተቀዳው ማነው? ጓደኛዬ ጥላሁን ነው ይላል።

መልስ፦ ጓደኛህ ተሳስቷል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ጀርመን ሄደው ነው የተቀዱት። ጥላሁን ገሠሠ ገና አልተወለደም ነበር።

ከደብረ ማርቆስ፦ ስለ ዘንድሮ ልጆች ሙዚቃ ምን ይላሉ?

መልስ፦ የትኛው ልጅ? የትኛው ዘፈን? እንዲህ በጅምላ አይመለስም።

ከቡሬ፦ ጋሼ፣ ማንን ሰምተው ጀመሩ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፣ እዚያው አንብብ።

ከዳንግላ፦ ጋሼ፣ ማሲንቆ ከጀመርሁ 4 ወር ሆነኝ። አሁን «ደጋን» ላይ ደጋኑን አንስቼ ግጥምዎን ለአባቴ ተጫወትሁለት። ሦስት ጊዜ። መጨረሻ ላይ ሳቀ።

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይስ?

ከዳንግላ፦ ዝም አለኝ። ደጋኑን ዘግይቼ ነው ያነሳሁት መሰለኝ።

መልስ፦ አዎ፣ እሱ ነው። «ቆላ» ስትይ ጀምረሽ እጅሽን አዘጋጂ። ክሩ ከቃሉ ቀድሞ ዝም ማለት አለበት። ኪቦርድ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ አትንኪው። ነገ እናትሽ ባሉበት ድገሚውና ንገሪኝ።