መልስ፦ ዕድሜው ለገፋ ተጫዋች የ10 ዓመት ውል ለምን?

ወንድሜ፣ «የቤዝቦል ክለቦች 30 ዓመት ላለፈው ሰው የ10 ዓመት ውል የሚሰጡት አብደው ነው?» ላልከው፣ አላበዱም። የሚፈልጉት የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ዓመታት ነው። የቀረው ተጫዋቹን ከሌላ ክለብ ለመንጠቅ የሚጨምሩት ነው።

ተጫዋቹን አልበርት ፑሆልስን እይ። በ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኤንጅልስ የተባለው የአሜሪካ ክለብ በ240 ሚሊዮን ዶላር ሲያስፈርመው 32 ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ለቀድሞ ክለቡ ለሴንት ሉዊስ በ11 ዓመት 445 ሆምራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያወጣ ምት) መትቷል፤ ለኤንጅልስ ግን 222 ብቻ። ጉድ የሠራው እግሩ ነው፤ በ2013 የውስጥ እግሩ ሕመም ከሐምሌ በኋላ አላጫወተውም። ውሉ ደግሞ ዋስትና አለው፤ በ2021 ግንቦት ሲያሰናብቱትም ደመወዙ አልቀረም።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ኤንጅልሶች ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው የዋንጫ ጥሎ ማለፍ) የገቡት አንዴ ነው፣ በ2014፤ እሱም በሦስት ጨዋታ ተሸኙ። በበኩሌ ብሩን ለጥሩ ኳስ ወርዋሪ ባወጡት ይሻል ነበር።